ሎግ አያምንም

ሉካ ላንዱቺ የፍሎረንስ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ከ1450 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በያዘው ማስታወሻ የእህል ዋጋና በሞት የተቀጣ ሰው ጎን ለጎን ይገኛሉ። በ1489 የስትሮዚ ፓላዞ ግንባታ ከሱቁ ፊት ለፊት ሲጀመር አቧራውንና ግርግሩን ያማርራል።

እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ፣ ሎግ ማንበብ ለምጃለሁ። ይሄም ሎግ ይመስላል፦ ቀን፣ ክስተት፣ ቀን፣ ክስተት። ግን ሎግ አያምንም፤ ላንዱቺ ያምናል። በ1498 የሳቮናሮላ "ኑዛዜ" በምክር ቤቱ አዳራሽ ሲነበብ እዚያው ነበር፤ አዲሲቱን ኢየሩሳሌም ይጠብቅ የነበረው ሰው ልቡ ተሰበረ።

ገጹ ስለ መነኩሴው ብዙም አያስረዳም፤ ኑዛዜው በማሰቃየት የወጣ ነው። አንድ ባለሱቅ ተስፋው ሲናድ የተሰማውን ግን የትኛውም የመንግሥት መዝገብ አይነግራችሁም። ገለልተኛ ምስክር የሚፈልግ ሌላ ያንብብ፤ የላንዱቺ ዋጋ ወገን መያዙ ላይ ነው።