«ኃይል» የሚለው ስያሜ ስንት ፅንሰ ሐሳብ ይሸከማል?

አንድ ስያሜ ሁለት ፅንሰ ሐሳቦችን እንዲሸከም ሲደረግ፣ ጉዳቱ በመዝገበ ቃላት ገጽ ተወስኖ አይቀርም። ለዚህ አብነቱ «ኃይል» የሚለው ቃላችን ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት «ኃይል» እንዳለው ይነገራል፤ በዓመት 15,760 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ «ኃይል» እንዲሰጥ መታቀዱም ይገለጻል። ይሁን እንጂ የፊተኛው ግድቡ በአንድ ጊዜ ማመንጨት የሚችለው ከፍተኛ ልክ ሲሆን፣ የኋለኛው በዓመት ውስጥ የሚጠራቀም ምርት ነው። ልዩነታቸው የቧንቧ አወራረድና በእንስራ የተጠራቀመ ውሃ ልዩነት ነው።

በዚህ መደባለቅ የኤሌክትሪክ ሙያ ሠልጣኝ ዋትንና ዋት ሰዓትን በቀመር እንጂ በቋንቋው ለይቶ አይረዳም። ሪፖርት አንባቢው ዜጋም የፊተኛውን ቁጥር በዓመቱ 8,760 ሰዓታት ቢያባዛ 45,114 ጊጋ ዋት ሰዓት ያገኛል፤ «ሁለት ሦስተኛው የት ገባ?» ብሎም ተቋሙን ያለ ጥፋቱ ይከሳል። የወንዙ ውሃ በየወቅቱ ስለሚለዋወጥ ተርባይኖቹ ዓመቱን በሙሉ በከፍተኛ ልክ እንደማይሠሩ ስያሜው አያመለክተውም። በአንጻሩ እውነተኛ ጉድለት ሲደርስ፣ ሹሙ በትልቁ ቁጥር ሊሸፍነው ይችላል።

«ኤነርጂ»ን መዋስ ይበቃል የሚሉ አሉ። ሆኖም ባዕዱ ቃል ገብቶ «ኃይል» እንደ ቀድሞው ከተደባለቀ ችግሩ አይወገድም። በእኛ አስተያየት፣ በሪፖርትም ሆነ በማሠልጠኛ መጽሐፍ ለፊተኛው «የማመንጨት አቅም»፣ ለኋለኛው «የኃይል ምርት» ቢባልና መለኪያው ሁልጊዜ ቢጻፍ ይበጃል። በስም ያልተለየን ነገር መቆጣጠር አይቻልምና።