የዱምስዴይ ዲስኮችና ያዳኗቸው

የእንግሊዙ ንጉሥ ዊልያም በ1086 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የግዛቱን መሬት፣ ወፍጮና ከብት ያስመዘገበበት፣ ዱምስዴይ የተባለው የብራና መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል። ቢቢሲ በ1986 የመጽሐፉን 900ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ሌላ ዱምስዴይ አዘጋጀ። አገሪቱ በካርታ ላይ 4 በ3 ኪሎ ሜትር እየሆነች ተሸነሸነችና ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ያካባቢያቸውን ኑሮ ጻፉ፤ ፎቶግራፍም አነሱ። ሥራው በሁለት የሌዘር ዲስኮች ወጣ። ከ20 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ግን ማጫወቻውና አብሮት የሚሠራው የአኮርን ኮምፒዩተር እየጠፉ ሄዱ።

ብራናው 900 ዓመት ሲኖር ዲስኩ 20 እንኳ አለመሙላቱ ብዙ ተቀልዶበታል። ቀልዱ ሚዛን የሳተ ይመስለናል። ዲስኩ አልተሰበረም፤ የጠፋው አንባቢው ነው። ግዕዝ ያልተማረ ሰውስ ብራና ቢሰጡት ምን ያደርገዋል?

የሊድስና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች ካሚሊዮን በተባለው የጋራ ጥናታቸው በ2002 ያሳዩትን መንገድ የምናደንቀውም ስለዚህ ነው። ጽሑፉንና ሥዕሉን መገልበጥ ብቻ አልበቃቸውም፤ አዲሱ ኮምፒዩተር የአሮጌውን ጠባይ እንዲይዝ የሚያደርግ፣ ኢሙሌተር የሚባል ማስመሰያ ፕሮግራም ሠሩ። አሮጌው ፕሮግራም ቤት መለወጡን ሳያውቅ የለመደውን ትእዛዝ ይሰጣል፤ ማስመሰያው በመካከል ሆኖ ለአዲሱ መሣሪያ ያስተረጉማል። ተማሪውም ከአገሪቱ ካርታ ተነሥቶ ወደ አውራጃው፣ ከዚያም ወደ መንደሩና ወደ ፎቶግራፉ እንደ ቀድሞው ይወርዳል።

ቢቢሲ በ2011 በኢንተርኔት ያወጣው ዱምስዴይ ሪሎድድ ሌላ መንገድ ያዘ። የተማሪዎቹን ጽሑፍና ፎቶግራፍ ለይቶ በአዲስ ገጽ ላይ አሰፈረ። ሥራውን ለብዙ ሰው አድርሷል፤ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። በ2018 ሲዘጋም ቅጂው በአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። ነገር ግን አንባቢው በሥዕል አዳራሽና በመንገድ ላይ እየተራመደ የሚመለከትበት ሁለተኛው ዲስክ ቀረ። የ1986ቱ ሥራ ድፍረት በእኛ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ የታየው እዚያ ነበር። ድጓን ያለ ምልክቱ የሚገለብጥ ጸሐፊ ቃሉን ሁሉ አሟልቶ ዜማውን ያጣል፤ ያም እንዲሁ ሆነ።

እርግጥ ሁሉም ነገር ማስመሰያ አይሻም። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የተተየበ ተራ የአማርኛ ደብዳቤ ወደ አዲሱ ኮድ ቢለወጥ ይበቃዋል። ተማሪ እየነካካ የሚማርበት ፕሮግራም ሲሆን ግን መነካካቱ ራሱ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነውና፣ ማስመሰያውም በተራው እያረጀ በየጊዜው መታደስ ቢያስፈልገው እንኳ፣ እኛ የካሚሊዮንን መንገድ እንመርጣለን።