የማሪ ብራውን በርና የዋሂል አጥር

የፈጠራ ባለቤትነት ሰነድን እንደ መጽሐፍ አንብቦ መተቸት እኛ ዘንድ ብዙም አልተለመደም። ዛሬ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የሚሸጠው የቤት ካሜራ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን የአሜሪካን ፓተንት ቁጥር 3,482,037 ሳያነብ ባያልፍ ይመከራል። ማሪ ቫን ብሪታን ብራውንና ባለቤቷ አልበርት ብራውን ማመልከቻውን ያስገቡት እ.ኤ.አ. በኦገስት 1966 ነው፤ መብቱ የተሰጣቸው ዲሴምበር 2 ቀን 1969። እሷ ነርስ፣ እሱ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻን ነበሩ። የሚኖሩት ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ጀማይካ በተባለው ሰፈር ነው። ሁለቱም ሰዓቱ የተዘበራረቀ ሥራ አላቸው፤ ሰፈሩ ወንጀል ይበዛበታል፤ ፖሊስ ሲጠሩት ቶሎ አይደርስም። ሌሊት በሩ ሲንኳኳ ማን እንደቆመ ሳይከፍቱ ማወቅ፣ የሥራው መነሻ ይኸው ነው።

መፍትሔው ሲነበብ እንደ ዛሬ ሰው ሥራ ይመስላል። በሩ ላይ ከላይ ወደ ታች አራት ቀዳዳዎች አሉ፤ ከጀርባቸው ካሜራ ወደ ላይና ወደ ታች እየተንሸራተተ ረጅሙንም ሰው ሕፃኑንም ያሳያል። ምስሉ መኝታ ቤት ባለ ቴሌቪዥን ላይ ይታያል። በማይክሮፎንና በድምፅ ማጉያ እንግዳውን ማነጋገር ይቻላል። ወዳጅ ከሆነ ከአልጋ ሳይነሱ የበሩን ቁልፍ ከርቀት መክፈት፣ ካልሆነ ደግሞ እርዳታ የሚጠራውን ማንቂያ መጫን ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የማረከኝ የሐሳቡ ቅደም ተከተል ነው። ብራውን መጀመሪያ ያሰበችው ለቤቱ ነዋሪ ነው። የሚያየው እሱ፣ የሚወስነው እሱ፣ መሣሪያውን የሚያዘው እሱ። ወደ ውጭ መላክ የሚያስፈልገው ዋናው ነገር አንድ አጭር የድረሱልኝ ጥሪ ብቻ ነው። ከባዱ ነገር፣ ማለትም ምስሉ፣ ቤት ውስጥ በገመድም በሬዲዮ ሞገድም ይዘዋወራል፤ ቀላሉ ነገር ሩቅ ይሄዳል። ዛሬ የምንገዛቸው ብዙ ካሜራዎች ይህን ገልብጠውታል። በረንዳው ላይ የቆመውን ሰው ሳሎን ተቀምጠን ለማየት ምስሉ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ባሕር ማዶ ያለ የአምራቹ ሰርቨር ጋ ደርሶ ወደ ስልካችን ይመለሳል።

ይህን ያልኩት ሥራውን ለመካብ ብቻ አይደለም፤ ጉድለቱም ግልጽ ነው። ብራውን ቤት ውስጥ ሰው አለ ብላ ነው የምትነሳው። አንድ በር፣ የማያቋርጥ መብራት፣ አልጋው አጠገብ የተቀመጠ ቴሌቪዥን። ዋጋውም በዘመኑ ለተራ ሰው የሚቀመስ ስላልነበር መሣሪያው በስፋት ተመርቶ ገበያ አልወጣም። አሁን ይህን ንድፍ ወስደን ዋሂል ላይ እናቁመው። ዋሂል ከቢዮ አዋሌ፣ ከጀልዴሳና ከአሰሊሶ ጋር ከድሬዳዋ አስተዳደር አራት የገጠር ክላስተሮች አንዱ ነው። እዚያ የሚጠበቀው በር ብቻ አይደለም፤ አጥሩ አለ፣ የፍየል በረቱ አለ፣ ማሳው አለ። ባለቤቱ ቀኑን ከተማ ቀፊራ ገበያ ሲነግድ የሚውል ሰው ነው እንበል። ካሜራውን የሚፈልገው ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት ነው። ለዚህ ሰው የብራውን ሰነድ መልስ የለውም። ኢንተርኔት የገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ገበያው ለዋሂሉ ሰው መጀመሪያ የሚያቀርብለት ሲም ካርድ የሚበላና በሶላር የሚሠራ ካሜራ ነው። ገመድ አይፈልግም፣ መብራት ቢጠፋ አይደነግጥም፣ ራውተር አያሻውም። ድሬዳዋ ደግሞ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2022 አገልግሎቱን አሐዱ ያለው እዚሁ ነውና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ማወዳደር ይቻላል። የሞገድ ነገር ግን ኮረብታ ሲጋርደው ይደክማል። ከመግዛት በፊት የሁለቱንም ሲም ስልክ ውስጥ ከትቶ፣ ካሜራው በሚሰቀልበት ምሰሶ ሥር ቆሞ፣ ቪዲዮ ለወዳጅ መላክ ነው። መላክ እንጂ ማየት አላልኩም፤ ካሜራ የሚልክ ዕቃ ነው፣ ዩቲዩብ ሳይቆራረጥ መታየቱ ስለ መላኪያው ብዙም አይነግረንም። ከውጭ አገር ዘመድ የተላከ ካሜራም ለዚያ አገር ድግግሞሽ የተሠራ ከሆነ እዚህ ካለው 4ጂ ጋር ላይገጥም ይችላል።

ከዚያ ሻጩ የማያነሳው ሒሳብ ይመጣል። ጥራቱ 1080 የሆነ ምስል በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ገደማ ቢልክ በሰዓት 900 ሜጋ ባይት ይበላል፤ በቀን 21.6 ጊጋ ባይት። ይህን የሚሸከም የሞባይል ፓኬጅ የሚገዛ ገበሬ አላውቅም። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ 15 ሰከንድ ቢልክ ግን አንዱ ቁራጭ 3.75 ሜጋ ባይት ነው፤ በቀን ሃያ ጊዜ ቢልክ 75 ሜጋ ባይት፣ በወር ከ2.3 ጊጋ ባይት አይበልጥም። ይህ ይቻላል። ዋሂል ላይ ግን ፍየል አለች። ሙቀት ለይቶ የሚነቃው መዳሰሻ ፍየልንና ሌባን አይለይም፤ ካሜራው ወደ በረቱ ከዞረ ፓኬጁ በሳምንቱ ያልቃል፣ ባትሪውም አብሮ። ስለዚህ ካሜራው መግቢያውን ይይ፤ በረቱን ሰው ይጠብቀው።

ዋይፋይ ብዙ አያከራክርም። ቤቱ ራውተር ካለው ይሠራል፤ ብዙዎቹ ርካሽ ካሜራዎች 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ስለሚቀበሉ ራውተሩን በዚያ ማስተካከል ይበቃል። ከተማ ለሚኖር ሰው በዲቪአር፣ ማለትም በመቅረጫ ሳጥን፣ የሚሠራው ባለገመዱ ሲሲቲቪ ዛሬም የሚታመን ነው። የተራራቁ ቤቶች ደግሞ ፊት ለፊት የሚተያዩ ከሆነ ጥንድ የገመድ አልባ አንቴና አቁሞ የአንዱን ጎረቤት ኢንተርኔት ለሌላው ማሻገር ይቻላል፤ ጥቂት ሰው ነው የሚሞክረው እንጂ ለኮረብታማ አገር ከሁሉም የተሻለ ሊሆን የሚችል ዘዴ ነው።

ኢንተርኔቱ ራሱ ሲጠፋስ? በሰኔ 2012 መጨረሻ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ የአገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ እንደነበር የሚረሳ የለም። በአማራ ክልል በ2015 ክረምት የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ደግሞ ወራት ቆይቷል። ምስሉን ሰርቨር ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ ካሜራ በእንዲህ ያለ ወቅት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ነው፤ ያውም ጥበቃ ይበልጥ በሚያስፈልግበት ሰዓት። በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት አጥብቆ የሚቀርጽ ካሜራ ግን 128 ጊጋ ባይት ሚሞሪ ካርድ ላይ ወደ 12 ቀን የሚጠጋ ቀረጻ ይይዛል፤ ኔትወርክ ኖረም አልኖረ።

የብራውን ሰነድ የሚያነሳው ሌላው ጉዳይ ማን ያያል የሚለው ነው። ባለሲሙ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ የሆነ የኢንተርኔት አድራሻ ስለሌለው ከስልካችን ጋር የሚገናኘው በአምራቹ ሰርቨር አማካይነት ነው። አምራቹን ማመን ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ዋይዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 13,000 ያህል ደንበኞቹ የሌላ ሰው ካሜራ ያነሳውን ምስል በስልካቸው እንዳገኙ አምኗል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ሚራይ የተባለው ተባይ ፕሮግራም ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃል ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና ዲቪአሮች አሰልፎ ግዙፍ የኢንተርኔት አገልግሎቶችን አንገዳግዷል። እኛም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥተናል፤ መልካም ነው። ሰርቨሩ የትኛው አገር እንዳለ የማያውቅ ገዢ ግን አቤቱታውን ይዞ የት እንደሚቆም ግራ መጋባቱ አይቀርም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ፓተንቱ ቤት ውስጥ ሰው ለሌለበት ሰዓት አላሰበም፤ በዚህ አርጅቷል። ከባዱን ምስል ቤት አስቀርቶ ቀላሉን ጥሪ ሩቅ የመላክ ሐሳቡ ግን ዛሬ ከሚሸጠው ካሜራ የበለጠ ለዋሂል ይስማማል። ካሜራው በሚሞሪ ካርድ ይቅረጽ፤ ማንቂያው ደካማ ኔትወርክ ላይም በሚያልፍ የጽሑፍ መልእክት ወይም ጥሪ ለባለቤቱና ለቅርብ ጎረቤት ይድረስ፤ ዳታ ለሚያስፈልግ ጊዜ ብቻ ይቆጠብ። እንዲህ ያሉ ባለሲም ማንቂያዎች ገበያ ላይ አሉ፤ ቪዲዮ ስለማያሳዩ ብቻ ተንቀዋል።

ካሜራ ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ ፊት ሲሙን አውጡት፤ ዋይፋዩንም አጥፉት፤ ከዚያ ፊቱ ተመላለሱና ካርዱ ላይ መቅረጹን እዩ። ካልቀረጸ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ከቀረጸ ግዙት፤ ቤት ሳይደርስ ደግሞ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ።