ዋሽንቱና ካባው

ጃፓናዊው ሠዓሊ ጹኪዮካ ዮሺቶሺ እ.ኤ.አ. በ1883 ባወጣው ባለ ሦስት ገጽ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ላይ፣ ከመኳንንት ወገን የሆነው ፉጂዋራ ኖ ያሱማሳ በጨረቃ ብርሃን፣ ነፋስ ባጎነበሰው ሣር መካከል በአግድም የሚነፋ ዋሽንቱን እየተጫወተ ይጓዛል። ሃካማዳሬ የተባለው ሽፍታ ደግሞ እጁን ከጎራዴው ሳይነቅል አድብቶ ይከተለዋል። ያሱማሳ ዞር ብሎ አያይም፤ ሽፍታውም አይመታም።

ዜማን በመስመርና በቀለም መግለጽ አስቸጋሪ ነው። ዮሺቶሺ ችግሩን የፈታው ሰሚውን በመሣል ነው፤ የሙዚቃው ኃይል የሚነበበው ከተገታው የሽፍታው ክንድ ላይ ነው። ሣሩና የካባው ዘርፍ ሲዋዥቁ ሁለቱ ሰዎች ጸጥ ማለታቸው ዝምታውን ያጎላዋል። ምስጋናው ግን ለሠዓሊው ብቻ ሊሆን አይገባም። የሣሩን ቀጫጭን መስመር ከእንጨት ፈልፍሎ ያወጣው ጠራቢ፣ ለየቀለሙ የተዘጋጀውን ገበታ እያፈራረቀ ወረቀቱን በእጁ እያሸ ያተመው ሠራተኛም የድርሰቱ ተካፋዮች ናቸው። ዮሺቶሺ ይህንኑ ርእስ በ1882 በብሩሽ ሥሎ ለኤግዚቢሽን አቅርቦት ነበር፤ በብዙ ሰው እጅ የገባው ግን በእነዚህ ባለሙያዎች ድካም ነው።

ኅትመቱ የወጣበት ዘመንም ሊዘነጋ አይገባም። ሳሙራዮች ጎራዴ ታጥቀው እንዳይሄዱ በ1876 በዐዋጅ ተከልክሏል፤ በ1877 በሳትሱማ ያነሡት ዐመፅም በመንግሥቱ ዘመናዊ ጦር ተደምስሷል። ያንን ጦርነት ዮሺቶሺ ራሱ በኅትመቶቹ ሥሎታል። ከስድስት ዓመት በኋላ ጀግናውን ፍለጋ ወደ 10ኛውና 11ኛው መቶ ዓመት ቤተ መንግሥት መመለሱ፣ ዋሽንትም ማስጨበጡ፣ ላለፈው ሥርዓት ያደረበትን ናፍቆት ያጋልጣል። ናፍቆቱ ውብ ነው፤ ውበቱ ግን አንድ ነገር ሸፍኗል።

ታሪኩ የተገኘው በ12ኛው መቶ ዓመት ገደማ ከተጠናቀረው «ኮንጃኩ ሞኖጋታሪ» ከተባለው የተረት መድበል ነው። በዚያ ሽፍታውን የሚያርበደብደው ከዜማው ይልቅ የሰውየው እርጋታ ነው። ሃካማዳሬ የወጣውም የሚለብሰው ቸግሮት ነው። በሥዕሉ ላይ ነፋሱ የያሱማሳን ካባ ሲያውለበልብ እናያለን፤ ሽፍታውን ሲያንዘፈዝፍ ግን አናይም። በተረቱ ፍጻሜ ያሱማሳ ሽፍታውን ወደ ቤቱ ያስገባውና ወፍራም ልብስ ይሰጠዋል፤ ወደፊትም ልብስ ሲያስፈልገው መጥቶ እንዲጠይቅ ይነግረዋል። ይህ ክፍል ከሦስቱ ገጾች በአንዱም ላይ ቦታ አላገኘም።