ከወርቃማው ድብ ማግስት፦ «ሳንኮፋ» እና የዘገየ ዕውቅና ዋጋ

በ1993 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የበርሊን ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ዳኞች ዋናውን ሽልማት፣ ወርቃማውን ድብ፣ ለሁለት ፊልሞች አካፈሉ። አንዱ የታይዋኑ ተወላጅ አንግ ሊ «የሠርግ ግብዣ»፣ ሌላው የቻይናዊው ሺዬ ፌይ ሥራ ነበር። በዚያው ዋና ውድድር የቀረበው የኢትዮጵያዊው ዳይሬክተር የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» ድቡን አላገኘም።

ይህ በራሱ አያስደንቅም፤ ዳኝነት ምርጫ ነው፣ ምርጫ ደግሞ ተሸናፊ አለው። ትኩረት የሚሻው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። «የሠርግ ግብዣ» በአሜሪካ አከፋፋይ አግኝቶ ለኦስካር እስከ መታጨት ደረሰ። «ሳንኮፋ»ን ግን የቀረበላቸው አከፋፋዮች ሁሉ ጀርባቸውን ሰጡት። ፊልሙ ሞና የተባለች የዘመኑ ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል ጋና ውስጥ ካለ የባሪያ ንግድ ምሽግ ተነጥቃ፣ ሾላ በሚል ስም በሸንኮራ እርሻ ላይ በባርነት ስትኖር ያሳያል። ባሪያዎቹ ራሳቸው ያምፃሉ፤ ከውጭ መጥቶ ነጻ የሚያወጣቸው ደግ ነጭ የለም። ለገበያው የከበደው ከጥበቡ ይልቅ ይህ አቋም ይመስላል።

ፕሮፌሰር ኃይሌና ባለቤታቸው፣ የፊልም ባለሙያዋ ሺሪኪያና አይና፣ ደጅ መጥናቱን ትተው ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራዩ። ወሬው በጥቁሮች ማኅበረሰብ ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ ተዛመተ፤ ሰው ተሰለፈ፤ ፊልሙም ከከተማ ወደ ከተማ ተሻገረ። በጆርጂያ ጎዳና፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የተከፈተው የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ስሙን የወሰደው ከዚሁ ፊልም ነው።

ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው እንደ ድል ብቻ ነው። ድል መሆኑ አይካድም፤ ሒሳቡ ግን ሳይወራረድ ይታለፋል። የቲኬት ሻጭነቱን፣ የአከፋፋይነቱንና የአስተዋዋቂነቱን ሥራ የተሸከሙት እኒያው ዳይሬክተሩ ነበሩ፤ ያውም ከ1975 ጀምሮ በሃዋርድ እያስተማሩ። ከ«አመድና ፍም» (1982) እስከ «ሳንኮፋ» 11 ዓመት፣ ከ«ሳንኮፋ» እስከ «ጤዛ» (2008) ደግሞ 15 ዓመት አለፈ። በመካከሉ እንደ «ዓድዋ» (1999) ያሉ ዘጋቢ ፊልሞች አሉ፤ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም ግን የለም። እኒሁ ሰው ገና ተማሪ ሳሉ፣ አብዮቱ በፈነዳበት በ1974፣ አገር ቤት መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም በጥቂት ሳምንታት ቀርፀው እንደነበር ለሚያስታውስ፣ ክፍተቱ የስንፍናም የሐሳብ መንጠፍም ሊባል አይችልም። የተሸነፉበት ሽልማት ያጎደለው ክብርን ብቻ አይደለም። ሽልማት በር ከፋች በሆነበት ኢንዱስትሪ ውስጥ የተዘጋው በር ዋጋ በዓመታት ተከፍሏል፤ ያልተሠሩትን ፊልሞች ደግሞ ማንም ቆጥሮ አይጨርሳቸውም።

«ጤዛ» ሲመጣ ሽልማቱ ጎረፈ። በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ኦሴላን፣ በቀጣዩ ዓመት በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ወርቃማውን የየኔንጋ ፈረስ ወሰደ። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ከጀርመን ተመልሶ በደርግ ዘመን ግራ የሚገባው ምሁር አንበርብር፣ ትዝታው ተቆራርጦ የሚመጣበት አወቃቀር ግን ለዳኞች ሲባል የተፈጠረ አዲስ ስልት አይደለም። ዘመናትን እያፈራረቁ ማገናኘት በ«ሳንኮፋ»ም ነበር። ዐይን የለወጠው ተመልካቹ እንጂ ሠሪው አይደለም ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በመስከረም 2021 የታደሰው «ሳንኮፋ» በዳይሬክተሯ አቫ ዱቨርኔይ ድርጅት በኩል ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። በዚያው ሰሞን በሎስ አንጀለስ የተመረቀው የኦስካር አካዳሚ ሙዚየም የመጀመሪያውን የቫንቴጅ ሽልማት ለፕሮፌሰር ኃይሌ ሰጠ። በ1946 ጎንደር የተወለዱት ዳይሬክተር የዚያን ጊዜ 75 ዓመታቸው ነበር፤ ከበርሊን 28 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ አብሯቸው የተማረው የፊልም ዳይሬክተር የቻርልስ በርኔት ዕጣም ከዚህ ብዙ አይለይም። በ1970ዎቹ የተሠራው «የበግ አራጁ» በሙዚቃ መብት ክፍያ ምክንያት በሲኒማ ቤቶች በወጉ የታየው በ2007 ነበር፤ የክብር ኦስካሩም በ2017 ደረሰ። ሁለቱም ዕውቅናዎች የተሰጡት ለሰዎቹ ስም ነው። በአርባና በሃምሳ ዓመታቸው ያስፈልጋቸው የነበረውን በጀት ግን የሰባ ዓመት ዋንጫ አይተካውም፤ ስለዚህ እነዚህን ሽልማቶች «በመጨረሻ ፍትሕ ተገኘ» ብሎ መተረክ ሂስ ሳይሆን ዜና ማብሰር ነው።

እኛም ዘንድ ከዚህ የሚሻል ነገር ገና አልተሠራም። የኃይሌ ገሪማ ስም በየመድረኩ ይወደሳል፤ ፊልሞቻቸውን በቅጡ የተነተነ የአማርኛ ጽሑፍ ግን እንደ ልብ አይገኝም። የፊልም መምህራንና ሃያስያን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ትዕይንት በትዕይንት ቢያስተምሩትና ቢጽፉበት፣ ለሚቀጥለው ወጣት ዳይሬክተር ሌላ የውጭ ዋንጫ ከመጠበቅ ይልቅ ይጠቅመዋል።