እድርና ኦርኬስትራ

በቅርቡ በሰፈራችን በበቾ ቦሬ ለቅሶ ነበር። የጅማ ዝናብ መቼም ለለቅሶ ብሎ አያባራም፤ የእድሩ ድንኳን ግን በሰዓቱ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ጀበናው ተጥዶ ደረስኩ። ድንኳኑ ሥር ቁጭ ብዬ የእድራችንን ዳኞች በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ነፍስ ካወቅሁ ወዲህ አራት ተፈራርቀዋል። አንደኛው ሞቱ፣ ሁለተኛው አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ገቡ፣ ሦስተኛው በሒሳብ ነገር ተጣልተው ወረዱ። አራተኛው አሁን በሩ ላይ ቆመው «ለእነዚያ ቡና አልደረሳቸውም!» እያሉ ያዛሉ። ብረት ድስቱ ግን ያው ነው። ደንቡም ያው ነው። ጡሩምባ ነፊው እንኳ የአባቱን ቦታ የያዘ ልጅ ነው።

በዚሁ ሰፈር በደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት ነበረን። እኔም፣ ይቅር ይበለኝና፣ ዋሽንት ነፊ ነበርኩ። ክራር፣ መሰንቆ፣ ሁለት ከበሮና አንድ አኮርዲዮን ነበረን፤ ከሁሉም በላይ ግን አሠልጣኛችን ነበሩ። ማን መቼ እንደሚገባ፣ ክራሩ በየትኛው ድምፅ እንደሚቃኝ፣ የትኛው ዜማ በየትኛው በዓል እንደሚቀርብ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍም እሳቸው ኪስ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ተዛወሩ። ሁለት ሳምንት ተሰበሰብን፣ ተጨቃጨቅን፣ ተበተንን። ከዓመታት በኋላ ዕቃ ቤቱ ሲከፈት የከበሮውን ቆዳ አይጥ በልቶት ተገኘ።

እንግዲህ ሰፈሩ አንድ፣ ሕዝቡ አንድ፣ ድህነቱም አንድ። እድሩ አለ፤ ኪነቱ የለም። ምነው?

ይህ የበቾ ቦሬ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ጋዜጣ ላይ አላወጣውም ነበር። የአገራችንን የኦርኬስትራ ታሪክ ያየ ሰው የኛን ዕቃ ቤት ቁልፍ ደጋግሞ ያገኘዋል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሄደው ከዕልቂት የተረፉ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ ዮፍታሔ ንጉሤ በግጥሙ፣ እሱ በዜማው ብሔራዊ መዝሙር ሠርተውልናል። መዝሙሩ እስከ ንጉሡ ዘመን ፍጻሜ ዘለቀ። ባንዱ ግን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተበተነ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላም ነገሩ ከመሪ ፍለጋ ጀመረ። ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች መጣ፤ ከእሱ ቀጥሎ ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር የክብር ዘበኛን ሙዚቀኞች አሠለጠነ። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ስሙ የገነነ ነበር። ነገር ግን ደመወዙም ዩኒፎርሙም የጦር ክፍሉ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር ጣጣው ለሙዚቀኛውም ተረፈ፤ ጥላሁን ገሠሠ ሳይቀር ታስሯል። ዘፋኝ በአዛዡ ጥፋት ሲታሰር ኦርኬስትራው የማን እንደነበረ ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ለፍርድ እንዳልቸኩል አንድ ነገር ልጨምር። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ያሁኑ ብሔራዊ፣ መሪ ሲለወጥ አልፈረሰም። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ከዜልቬከር ተረክቦ ለዓመታት መራው፤ አቀናበረ፤ ብዙ ሙዚቀኛ አስተማረ። ዘመን ሲለወጥም ቤቱ ቆመ። ቤትና በጀት ያለው ነገር ሰው ሲሄድበት ወዲያው አይወድቅም ማለት ነው።

ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፅ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ ከየብሔረሰቡ የተውጣጡ የባህል ተጫዋቾችን አሰባስቦ አቋቋመው። ዛሬ ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና እምቢልታ በአንድ መድረክ ስናይ ድሮም እንዲሁ የነበረ ይመስለናል። አልነበረም። ክራር መቺው ክሩን የሚቃኘው ለራሱ ድምፅ እንዲመቸው ነው፤ ዋሽንት ደግሞ አንዴ ከተበሳ በኋላ ድምፁን ከፍ ዝቅ ላድርግ ቢሉት እሺ አይልም። ሁሉም በለመደው ልክ ቢጀምር የሚወጣው ጩኸት ነው። እነዚህን አስማምቶ፣ ማን ዝም እንደሚል ማን እንደሚቀጥል ማደራጀት ትልቅ ሥራ ነበር።

ኤል-ዳብ ብዙም ሳይቆይ ከኢትዮጵያ ወጣ። ኦርኬስትራው ግን ቀጠለ። አሜሪካዊው የሰላም ጓድ ጆን ኮ ተረከበው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ መሪነቱ ወደ ተስፋዬ ለማ እጅ ገባ። ዱላው ሁለት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፤ በሁለተኛው ወደ አገሬው ሰው። ለኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969፣ መሰንቆ የለመደው የሰላም ጓድ ቻርልስ ሰተን ባመቻቸው ጉዞ፣ እነ ጌታመሳይ አበበና መላኩ ገላው ያሉበት ቡድን «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ዞረ፤ ኤድ ሱሊቫን ሾው ላይም ቀረበ። ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ከዚያ በላይ የሚታይ የቴሌቪዥን መድረክ ብዙ አልነበረም።

ሦስተኛው ርክክብ ግን አልመጣም። አብዮቱ በፈነዳ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ኦርኬስትራው ፈረሰ። ተስፋዬ ለማ ኋላ ወደ አሜሪካ ተሰዶ እዚያው በ2013 አረፈ። ያ ሁሉ ድምፅ በሲዲ የወጣልን ፓሪስ ነው፤ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ፣ ቁጥር 23 ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2007። የገዛ መሰንቋችንን ከፈረንጅ ሱቅ ገዝተን ሰማን።

አሁን አንባቢዬ «አብዮት ነው ያፈረሰው፣ ምን ይደረግ?» ይለኝ ይሆናል። እውነት አለው። ነገር ግን አብዮቱ እድራችንንም አግኝቶት ነበር። ቀበሌው መጣ፣ ጥርጣሬው መጣ፣ ስብሰባው መጣ፤ እድሩ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ባለቤት ስለነበረው ነው። ዳኛውን የሚሾሙት አባላቱ ናቸው፤ የሚያወርዱትም እነሱው። የኦርኬስትራዎቻችን ሙዚቀኞች ግን መሪ ይመጣላቸዋል እንጂ አይመርጡም፤ መሪው ሲሄድም ከማን ጋር መቆጠር እንዳለባቸው አያውቁም።

«የሙዚቃ ቡድን እንደ እድር አይመራም» የሚል ካለ ቪየናን ይመልከት። የቪየና ፊልሃርሞኒክ እ.ኤ.አ. በ1842 ተመሠረተ፤ አባላቱ ራሳቸውን በራሳቸው ያስተዳድራሉ። ከ1933 ወዲህ ቋሚ መሪ እንኳ የለውም። አባላቱ ተመካክረው መሪ ይጋብዛሉ፣ አጨብጭበው ይሸኛሉ፣ ሌላ ይጋብዛሉ። በርሊኖችም አለቃቸውን በድምፅ ይመርጣሉ፤ በ2015 ሙሉ ቀን ተሰብስበው መስማማት አቅቷቸው ሳይመርጡ ወደ የቤታቸው ሄደው ነበር። በሚቀጥለው ወር ኪሪል ፔትሬንኮን መረጡ። ይህ ጭቅጭቅ ከኛ የእድር ጉባኤ በምን ይለያል?

ለነገሩ እድርም መላእክት አይደለም። ቪየናዎቹ ሴት ሙዚቀኛ በአባልነት የተቀበሉት በ1997 ነው፤ የኛም ሽማግሌዎች ግትርነት ይታወቃል። ደግሞ የቪየናው ሙዚቀኛ ከኦፔራ ቤቱ ደመወዝ አለው። ከገጠር የመጣን መሰንቆ መቺ «ራስህን አስተዳድር» ብሎ ባዶ ኪሱን መልቀቅ ግፍ ነው። ስለዚህ መንግሥትም ዩኒቨርሲቲም እጁን ያንሣ አልልም። በጀቱን ይስጥ፤ ደንቡ፣ ዕቃውና የዜማው ወረቀት ግን የሙዚቀኞቹ ይሁን ነው የምለው። ለሞታችን ደንብ ጽፈን፣ ለደስታችን አለቃ እንጠብቃለን። የገረመኝ ይህ ነው።

የጅማ ገበሬ ቡናው ሲያረጅ አይነቅለውም። ይጎነድለዋል። ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ይወጣል፣ ሥሩ ያው የድሮው ነው፤ ጥቂት ዓመት ታግሦ ይለቅማል። እኛ ግን መሪ በተለወጠ ቁጥር ከነሥሩ ነቅለን እንደገና ችግኝ ፍለጋ እንወጣለን።

ከለቅሶው ስወጣ ሦስት የሰፈር ልጆች አስቆሙኝ። የባህል ባንድ ሊያቋቁሙ ነው፤ ሁለት ክራር ገዝተዋል፣ መሰንቆ አዝዘዋል። «ጋሼ፣ እርስዎ ድሮ ኪነት ነበሩ አሉ፤ መሪ ይሁኑልን» አሉኝ። ልቤ ደስ እንዳለው አልደብቅም። «አባል ልሁን፤ መዋጮዬንም እከፍላለሁ» አልኳቸውና ጠየቅኋቸው፦

«የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?»

ተያዩ። አንደኛው «እርስዎ ጋ ነዋ!» አለ።

ይዣቸው ወደ ድንኳኑ ተመለስኩና የእድራችንን ገንዘብ ሣጥን አሳየኋቸው። ሦስት ቁልፍ አለው፤ የሚይዙትም ሦስት ሰዎች ናቸው።