የታየ መጽሐፍና የተነበበ መጽሐፍ

በዘመናችን መጽሐፍ መግዛት ብቻውን የሚበቃ አልሆነም፤ የተገዛው መጽሐፍ ለሰው መታየት አለበት። አንዱ አዲስ የገዛውን መጽሐፍ ከቡና ስኒ አጠገብ አስቀምጦ ፎቶግራፍ ያነሣና በስልኩ ለወዳጆቹ ይልካል፤ ሌላው በእንግዳ መቀበያ ክፍሉ ባለው ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ በላይ ይደረድረዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ በመጽሐፍ ምረቃ ላይ ተገኝቶ ደራሲውን ካስፈረመ በኋላ ፊርማው ያለበትን ገጽ ገልጦ ለጎረቤቱ ያሳያል። በእኛም በተማሪዎች ዘንድ ቢሆን ወፍራም መጽሐፍ በብብት ይዞ በግቢው መካከል መመላለስ እንደ ዕውቀት ምልክት ሲቈጠር እናያለን። ከዚህም የተነሣ ይህ ሁሉ የሚታይ መጽሐፍ በእውነት ይነበባል ወይ የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በሐሜት መልክ ስለሆነ መልሱም ከሐሜት አያልፍም። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ነገሩን በማስረጃ መርምረን፥ ነቀፌታው በየትኛው ጥፋት ላይ ሊወድቅ እንደሚገባ ለማሳየት እንሞክራለን።

ነቀፌታው ራሱ አዲስ አይደለም። በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ፥ መጻሕፍትን ለግድግዳ ጌጥ የሚሰበስቡ ሀብታሞችን ነቅፏል። በ2ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የሶርያ ተወላጅ ሆኖ በግሪክኛ ይጽፍ የነበረው ሉቅያኖስ፥ ብዙ መጽሐፍ እየገዛ ምንም በማያውቅ አንድ ሰው ላይ ራሱን የቻለ የነቀፌታ ድርሰት ጽፏል። መጽሐፍ የሚሰበስበውን ያልተማረ ሰው ማበጠሪያ ከሚገዛ መላጣና መስተዋት ከሚገዛ ዕውር ጋር ያመሳስለዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1494 ዓ.ም. ሰባስቲያን ብራንት በባዝል ከተማ ያሳተመው «የሞኞች መርከብ» የተባለው መጽሐፍም በመርከቡ ላይ ከሚያሳፍራቸው ሞኞች ሁሉ መጀመሪያ የሚያስቀምጠው ይህንኑ የመጻሕፍት ሰብሳቢ ነው። በሥዕሉ ላይ ሞኙ መነጽር አድርጎ፥ ከመጻሕፍቱ መካከል ተቀምጦ ዝንብና አቧራ ሲያባርር ይታያል። ጭራ የሚይዙ ታላላቅ ሰዎችን ላየ የአገራችን አንባቢ ሥዕሉ እንግዳ አይሆንበትም።

እነዚህ ጸሐፊዎች ያስቃሉ፤ ነገር ግን እንደ ዳኛ ብንመለከታቸው አንድ ጉድለት አለባቸው። ተከሳሹ መጽሐፉን አለማንበቡን የሚነግሩን ከፊቱና ከአነጋገሩ ገምተው እንጂ ማስረጃ አቅርበው አይደለም። እንግዲህ አንድ መጽሐፍ መነበቡ ወይም አለመነበቡ በምን ይታወቃል?

አንደኛው ምስክር የመጽሐፉ ገጽ ነው። በ1925 (እ.ኤ.አ.) በታተመው የስኮት ፊትዝጄራልድ «ታላቁ ጋትስቢ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ አንድ የሰከረ እንግዳ ወደ ባለጸጋው የመጻሕፍት ክፍል ይገባል። መጻሕፍቱ ከካርቶን የተሠሩ ማስመሰያ መስለውት ስለነበረ እውነተኛ ሆነው ሲያገኛቸው እጅግ ይደነቃል፤ ይሁን እንጂ ገጾቻቸው አልተቈረጡም። በዚያ ዘመን ብዙ መጽሐፍ የገጾቹ ጫፍ እንደተያያዘ ይሸጥ ስለነበረ አንባቢው በቢላዋ እየለየ ማንበብ ነበረበት። ስለዚህ ያልተቈረጠ ገጽ ባለቤቱን ያጋልጠው ነበር። ዛሬ ግን መጽሐፍ በማተሚያ ቤት መኪና ተቈርጦ ስለሚወጣ ይህ ምስክር ጠፍቷል።

ሁለተኛው ምስክር ፈተና ነው። በ1985 (እ.ኤ.አ.) የአንድ አሜሪካዊ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ማይክል ኪንስሊ፥ በዋሽንግተን የመጻሕፍት መደብሮች ብዙ ወሬ በተወራላቸው 70 ያህል የመጻሕፍት ቅጂዎች ውስጥ ወረቀት እንዲደበቅ አደረገ። በወረቀቱ ላይ የስልክ ቍጥር ነበረ፤ ያገኘውና የደወለ ሰው 5 ዶላር ይከፈለው ነበር። ማንም አልደወለም። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጆርዳን ኤለንበርግ የተባለው የሒሳብ ሊቅ፥ ኪንድል በሚባለው የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ላይ አንባቢዎች ምልክት ያደረጉባቸው ቦታዎች ከመጽሐፉ በየትኛው ክፍል እንደሚገኙ ቈጠረ። ምልክቱ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ብቻ ቢከማች አንባቢው ከዚያ አላለፈም ማለት ይሆናል በማለት፥ ለቶማ ፒኬቲ የካፒታል መጽሐፍ 2.4 ከመቶ፥ ለስቲቨን ሆኪንግ የጊዜ ታሪክ መጽሐፍ 6.6 ከመቶ ሰጠ። ሁለቱም ሙከራዎች ጥሩ ጨዋታ ናቸው፤ ፍርድ ግን አይሆኑም። ወረቀቱን ያገኘ ሁሉ ለ5 ዶላር ብሎ ላይደውል ይችላል፤ መጽሐፉን የጨረሰም ሁሉ ምልክት አያደርግም። ኤለንበርግም ቢሆን ስሌቱን እንደ ሳይንስ አላቀረበውም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚሻለው ምስክር እድፍ ነው። ካትሪን ሩዲ የተባሉት የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፥ የመካከለኛው ዘመን የብራና ጸሎት መጻሕፍት በጣት መነካት ምን ያህል እንደ ጠቈሩ የጥቍረት መለኪያ በሆነ መሣሪያ ለክተዋል። በዚህም ባለቤቶቹ ከወረርሽኝ ለመዳን የሚጸለየውን ጸሎት ደጋግመው እንደ ከፈቱ፥ ሌላውን ክፍል ግን ንጹሕ እንደ ተዉት ለማወቅ ችለዋል። ይህን ለመረዳት እኛ መሣሪያ አያስፈልገንም። በየቤተ ክርስቲያኑና በየሽማግሌው ቤት ያለ ዳዊት የገጹ ጥግ ከጣት ብዛት ቡናማ ሆኖ፥ የጧፍ ጠብታ ደርቆበት፥ ማኅደሩም ከትከሻ ብዛት ተልጦ ይገኛል። ባለቤቱ አነበብሁት ብሎ መማል አያስፈልገውም፤ መጽሐፉ ራሱ ይመሰክርለታል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በአገራችን መጽሐፍን ማሳየት ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። በበዓል ቀን በወርቅና በብር የተለበጠ ወንጌል በሕዝብ ፊት ይወጣል፤ ምእመናንም ይሳለሙታል። ይህ ማሳየት ነው፤ ነገር ግን የታየው ወንጌል በሕዝብ ፊት ጮኾ ይነበባል። የመጽሐፉ ክብር የሚገለጠው በልባሱ ብቻ ሳይሆን በመከፈቱም ነው። እንግዲህ ማሳየትን በጠቅላላው የሚነቅፉ ሰዎች ከዒላማው ወዲያ የተኰሱ ይመስለናል።

ያልተነበበ መጽሐፍ መኖሩም ቢሆን በራሱ ነውር አይደለም። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርካ በ1354 (እ.ኤ.አ.) የሆሜርን ግጥም የያዘ የግሪክኛ መጽሐፍ ከቊስጥንጥንያ ሰዎች ወገን ከሆነ ወዳጁ በስጦታ ደረሰው። ግሪክኛ ግን የሚያነብበውን ያህል አያውቅም ነበር። መጽሐፉን እያቀፈ በረጅሙ ሲተነፍስ፥ ለሰጠው ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ አለማወቁን አልደበቀም። ቈይቶም እርሱና ወዳጁ ቦካቾ በሊዮንቲዮስ ፒላቶስ አማካይነት ሆሜር ወደ ላቲን እንዲተረጐም አደረጉ። ያልተነበበው መጽሐፍ ባለቤቱን አላሳረፈውም፤ እንደ ዕዳ ቈጠረው፤ በመጨረሻም ዕዳው ተከፈለ፤ ትርፉም ለሌሎች ተረፈ። ስለዚህ ለነገ ብሎ መጽሐፍ የሚያስቀምጠውን ሰው አንነቅፍም። የምንነቅፈው ማሳየቱን የንባቡ ፍጻሜ ያደረገውን ነው። እንዲህ ያለው ሰው ስለ ታየው መጽሐፍ አንድ ነገር የተጠየቀ ዕለት፥ እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል የተባለው ይደርስበታል። ወዲያውም ሌላ አዲስ መጽሐፍ ለመግዛት ሲሮጥ፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለችው ሴት የጀመረውን ሳይጨርስ ይቀራል።

የሆነ ሆኖ ይህ ጉዳት ባለቤቱን ብቻ የሚነካ ነው። የሚበልጠው ጉዳት ሌላ ነው፤ እርሱንም ያየው ያው ሉቅያኖስ ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውስለት የመላጣውንና የማበጠሪያውን ቀልድ ቢሆንም፥ ከድርሰቱ መጨረሻ አጠገብ ከዚህ የሚከብድ ክስ አቅርቧል። ያ መጽሐፍ ሰብሳቢ ለማንም አውሶ አያውቅም ይላል፤ በገብስ ግርግም ውስጥ እንደ ተኛችው ውሻ፥ ራሱ አይበላ፥ መብላት የሚችለውንም ፈረስ አያስበላ። እኛ እንደሚመስለን የድርሰቱ ቁም ነገር ይህ ነው። አላነበበም የሚለው ክስ በማስረጃ የማይረጋገጥ ሲሆን፥ አላዋሰም የሚለው ክስ ግን ወዲያውኑ ይረጋገጣል።

ክሱ በእኛ አገር ከሮማ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት በጥቂት ሺህ ቅጂ ይታተማሉ፤ ካለቁም በኋላ እንደገና ሳይታተሙ ዓመታት ያልፋሉ። መጽሐፍ በብዛት በሚታተምበት አገር በመስተዋት ውስጥ የተቈለፈ መጽሐፍ የሚያሳጣው ባለቤቱን ብቻ ነው፤ ሌላው ከመደብር ይገዛል። በእኛ አገር ግን የተቈለፈው ቅጂ ለአንድ ተማሪ በከተማው ውስጥ ሊያገኘው የሚችለው የመጨረሻው ቅጂ ሊሆን ይችላል።

መጽሐፍ በኢትዮጵያ በሰፊው የተነበበው ባለቤት በበዛለት ጊዜ ሳይሆን እጅ በበዛለት ጊዜ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ አንባቢ አገኘ፤ ኋላ ግን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፥ ቅጂው በእጁ ያልገባ፥ ፊደልም ያልቈጠረ ሕዝብ ጭምር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ዐወቀ። ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን በእስር ላይ ሳለ የማርጋሬት ሚችልን ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መለሰ፤ ይህም በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። በዚያ ወህኒ ቤት መጽሐፉን የሚያሳዩበት ቡፌ አልነበረም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎችም መጽሐፍ በቀን ሒሳብ የሚያከራዩ ነጋዴዎች ለብዙ ዓመታት ስንቱን አንባቢ አፍርተዋል። የተከራየ መጽሐፍ ሽፋኑ የተላጠ፥ በሙጫ የተጠገነ ነው፤ ለፎቶግራፍ አያምርም። ነገር ግን ተከራዩ ቀኑ ሳያልፍበት መጨረስ ስላለበት ሌሊቱን ያነብበዋል።

ከዚህ አንጻር የመጽሐፍ ምረቃን ልማድ መመርመር ይገባል። የክብር እንግዳ ይጋበዛል፤ ሪባን ይቈረጣል፤ ሙያዊ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ይነሣል፤ ከዚያም መጽሐፉ ይሸጣል፤ ይፈረማል። ለደራሲው የማተሚያውን ዕዳ የሚያቃልል ስለሆነ ምረቃውን አንጠላም። ነገር ግን መጽሐፉ የሚመሰገነው ከአዳራሹ ሰው አብዛኛው ገና ባልገለጠው ቀን መሆኑ ያሳዝናል። ከዚያ ቀን በኋላ መጽሐፉን አንብቦ ይህ ክፍል ደካማ ነው፥ ይህ ክፍል ግን ብርቱ ነው ብሎ የሚነጋገር ጉባኤ አይገኝም። ደራሲው ስንት ቅጂ እንደ ተሸጠለት ያውቃል፤ ስንት ሰው እንዳነበበው ግን አያውቅም። ሁለተኛውንም መጽሐፍ የሚጽፈው ጭብጨባውን እንደ ሒስ ቈጥሮ ነው። በዚህ ዓይነት የሚታይ መጽሐፍ እየበዛ ሒስ ይጠፋል፤ ሒስ በሌለበትም ሥነ ጽሑፍ አያድግም።

ስለዚህ ሁለት አሳብ እናቀርባለን። አንደኛው፥ መጽሐፍ ያስመረቀ ደራሲና የገዙት ሰዎች ከሦስት ወር በኋላ ዳግመኛ ይሰብሰቡ። በዚህ ጊዜ የክብር እንግዳ አያስፈልግም፤ ከመጽሐፉ አንድ ጥያቄ ይዞ የመጣ ሁሉ የክብር እንግዳ ነው። ሁለተኛው፥ መጽሐፍ ያለው ሰው በመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ ከደራሲው ፊርማ በታች የተዋሱትን ሰዎች ስምና ቀን ይጻፍ። መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ፥ ያዋሱትን የሚመልስ የባሰ ሞኝ እየተባለ መቀለዱን እናውቃለን፤ የጠፋ መጽሐፍ እንደሚያናድድም አንክድም። የቀድሞ አባቶቻችን መጽሐፉን በሚሰርቅና ስሙን በሚፍቅ ላይ ግዝት የጻፉት መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚሄድ ስለሚያውቁ ነበር። በስም የተጻፈ ውሰት ደግሞ በቃል ብቻ ከተሰጠው ይልቅ ይመለሳል።

ሁለት ሰዎች ቢኖሩ፥ አንዱ መጽሐፉን አንብቦ ቢቈልፈው፥ ሌላው ግን ሳያነብብ ለሦስት ሰው ቢያውሰው፥ ለራሱ የተጠቀመው የመጀመሪያው ነው፤ አገርን የጠቀመው ግን ሁለተኛው ነው። አዲስ መጽሐፍ የገዛ ሰው ደስ ብሎት ቢያሳየን እኛም ደስ ይለናል። በዚያን ጊዜ ልንጠይቀው የሚገባን አንብበኸዋል ወይ ብለን ሳይሆን፥ መቼ ታውሰናለህ ብለን ነው። ያን ጊዜ ያላነበበው ሰው እንኳ ከማዋሱ በፊት ለማንበብ ይቸኵል ይሆናል።